ባሕር የተሻገሩት ልጆች በማን መዝገብ ይገኛሉ?

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይላሉ አበው። በአገራችን ለጋብቻ ሽማግሌ በተላከ ቁጥር የሚነሣ አንድ የታወቀ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም "እስቲ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልን" የሚለው ነው። ጥያቄው በተነሣ ጊዜ ከቤተሰቡ መካከል አንድ ትልቅ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው ይጀምራሉ። በአባት በኩል ያለው የዘር ሐረግ እንደ ዳዊት ይወርዳል። በእናት በኩል ወዳለው ሲደረስ ግን ቆጠራው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ "የእገሌ ልጅ ናት" ተብሎ ነገሩ ወደ አባቷ ይዞራል እንጂ የሴቲቱ የራሷ ስም አይነሣም።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ቆጠራ ውስጥ የሚጎድሉት እናቶች ብቻ አይደሉም። ከአገር የወጡትም ይጎድላሉ። "እሱ እንኳ አሜሪካ ነው"፣ "እሷ ዓረብ አገር ናት" ተብሎ ይታለፋል። ልጆቻቸው ስንት ናቸው? ስማቸውስ ማን ይባላል? መቼና የት ተወለዱ? ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ባሕር የተሻገረ ልጅ፣ እኅት ወይም ወንድም የሌለው ቤተሰብ በከተማ ማግኘት አዳጋች ሆኗል። በዚሁ ሁኔታ አንድ ወይም ሁለት ትውልድ ካለፈ ወንድማማች የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆች በአንድ አውቶቡስ ተቀምጠው ሳይተዋወቁ መውረዳቸው የማይቀር ነው።

ስለሆነም በዛሬው ዝግጅታችን ከአገር የወጣ ቤተሰብ ታሪክ እንዴት እንደሚጠናቀርና በየጊዜው እንዴት እንደሚታደስ እንመለከታለን። ለዚህም እንዲረዳን ከ150 ዓመት በፊት ከአገራችን ወጥቶ በብዙ አገሮች የተበተነ የአንድ ቤተሰብን ታሪክ በምሳሌነት እናቀርባለን።

ከጋፋት እስከ ኢዮጴ

ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ የምትገኝ ሥፍራ ናት። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲሠሩላቸው ያዘዟቸው አውሮፓውያን ከነቤተሰባቸው የሰፈሩባት መንደር ነበረች። በመቅደላ አምባ ላይ ዛሬም የሚታየው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው እዚያው ጋፋት ነው። ከሠራተኞቹ መካከል አንዱ እ.ኤ.አ. በ1838 በክራኮው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱትና በኋላ ክርስትናን የተቀበሉት ሞሪትዝ ሆል ነበሩ።

ሞሪትዝ ሆል ያገቧት ሴት ወለተ ኢየሱስ ይባላሉ። አባታቸው ኤድዋርድ ዛንደር የተባሉ ጀርመናዊ ሠዓሊ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1847 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በመጀመሪያ ለደጃዝማች ውቤ፣ ከዚያም ለአፄ ቴዎድሮስ ያገለገሉ ናቸው። እናታቸው ኢትዮጵያዊት ወይዘሮ ነበሩ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በአውሮፓውያኑ ዘንድ ግን በዚህ ስም አይጠሩም፤ ካታሪና ይባላሉ። ይህን ነጥብ አንባቢያችን በልባችሁ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ እስረኞቹም ሆኑ የጋፋት ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ጠረፍ ወረዱ። ሽማግሌው ዛንደር በዚያው ዓመት አረፉ። ልጃቸው ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ በዚሁ ዓመት በመቅደላ የተወለደችውን ማግዳሌናን ታቅፈው ከአገር ወጡ። ቤተሰቡ የሰፈረው በፍልስጥኤም ምድር፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ኢዮጴ ተብላ በምትታወቀው በያፋ ከተማ ነው። ሞሪትዝ ሆል እ.ኤ.አ. በ1914 እስኪያርፉ ድረስ በዚያ ኖሩ።

ማግዳሌና አድገው ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭ የተባሉ ከሩሲያ የፈለሱ ባላባት አገቡ። እኚህ ሰው በያፋ ሆቴል የነበራቸው ሲሆን፣ የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም እ.ኤ.አ. በ1898 ቅድስት አገርን ሲጎበኙ በዚሁ ሆቴል አርፈዋል። ከልጆቻቸው አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 በያፋ የተወለዱት ዮና፣ በጀርመን ጦር ውስጥ ተሰልፈው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጉ፤ ከዚያም በለንደን የጀርመን ኤምባሲ የፕሬስ ሠራተኛ ሆኑ፤ በመጨረሻም የሂትለርን መንግሥት ከድተው ለእንግሊዝ የስለላ ድርጅት ሠሩ። የዮና ልጅ እ.ኤ.አ. በ1921 በለንደን ተወለደ። እርሱም ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ያገኘው፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2004 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ የዓለም ሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ የዩኒሴፍ፣ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር የነበረው ዝነኛው ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።

እንግዲህ አንባቢያን አስተውሉ። የዚህ በዓለም የታወቀ ሰው የአያቱ እናት ወለተ ኢየሱስ የምትባል የኢትዮጵያ ልጅ ናት። ሐረጉን በአባት ስም ብቻ ለሚቆጥር ሰው ግን ፒተር፣ ዮና፣ ፕላቶን ብሎ ወደ ሩሲያ ይሄዳል እንጂ ወደ ጋፋት ፈጽሞ አይደርስም። ወደ ጋፋት የሚያደርሰው መንገድ በአያት ማግዳሌናና በእናታቸው በኩል የሚያልፈው የሴቶች መንገድ ብቻ ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ ወደ እናቱ አገር ተመልሶ ያገለገለም አለ። ዴቪድ ሆል የተባሉት የሞሪትዝና የወለተ ኢየሱስ ልጅ የኢትዮጵያ መንግሥት አማካሪ ሆነዋል። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ለመውረር በተዘጋጀችበት እ.ኤ.አ. በ1935 የጦር መሣሪያ ለመጠየቅ ወደ ጀርመን የተላኩት እርሳቸው ነበሩ።

ወደ ቤይሩት የሄደችው ሙሽራ

ከጋፋት የወጣው ይህ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም። የአፄ ቴዎድሮስ ባለሟል የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ1860 በጦር ሜዳ ላይ የሞቱት እንግሊዛዊው ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ከኢትዮጵያዊት ባለቤታቸው ሴቶች ልጆችን ወልደው ነበር። ከእነዚህ አንዷ ሱዛን ቤል፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የተባሉትን የጋፋት ሠራተኛ አገቡ። ከመቅደላ በኋላ ባልና ሚስቱ ወደ ሊባኖስ ሄዱ። ዋልድማየር እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። ከዚያም ከቤይሩት አጠገብ በአስፉሪዬ የአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል እንዲመሠረት አድርገው እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ ጀመረ። ከደብረ ታቦር አገር ተነሥታ ቤይሩት የደረሰችው ኢትዮጵያዊት፣ ዛሬ ቤይሩት ስንል ከምናስባት እኅታችን እጅግ የተለየ ኑሮ ኖራለች። ቢሆንም ሁለቱም የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ከቤታቸው መዝገብ ሊጎድሉ አይገባም።

ከመቅደላ የወጣ ዘር ሁሉ ግን እንዲህ አልሰፋም። የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ላይ ትግራይ ውስጥ ሞተውበት፣ እ.ኤ.አ. በ1879 ገና በ18 ዓመቱ አረፈ። በአንድ ወር፣ በአንድ መንገድ ከወጡ ሕፃናት የአንዷ ዘር በብዙ አገሮች ሲበዛ የሌላው እዚያው ተቋረጠ። የቤተሰብ መዝገብ ሁለቱንም እኩል ሊይዝ ይገባል፤ ዘር ያላተረፈ ሁሉ ጭራሽ እንዳልተፈጠረ መቆጠሩ ግፍ ነውና።

ታሪኩን ማን ጻፈው?

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንምጣ። የኡስቲኖቭን ቤተሰብ ታሪክ በመጽሐፍ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሆን፣ ጸሐፊዋ የቤቱ ተወላጅ አልነበሩም። የዮና ባለቤት፣ የፒተር እናት፣ ሠዓሊዋ ናዲያ ቤኗ ናቸው። ማለትም የቤቱ ምራት ነበሩ! የእርሳቸውም ቅድመ አያት ከፈረንሳይ ወደ ሩሲያ የፈለሱ ሰው ነበሩና የስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ እንዴት እንደሚበተን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ልጃቸው ፒተር የራሱን የሕይወት ታሪክ ጻፈ። ከዚያም በኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች በጀርመንና በኢትዮጵያ ሰነዶችን እያገላበጡ ስለ ዛንደርና ስለ ሆል ቤተሰብ ብዙ አዲስ ነገር ጨምረዋል።

ከዚህ የምንማረው የቤተሰብ ታሪክ አንድ ጊዜ ተጽፎ የሚዘጋ ነገር አለመሆኑን ነው። ለምሳሌ ፒተር ኡስቲኖቭ ከራሳቸው ከአፄ ቴዎድሮስ ይወለዳል የሚል ወሬ ሲነገር ይሰማል። የሚያኮራ ወሬ ነው፤ ሰነዱ የሚመራው ግን ወደ ሠዓሊው ዛንደርና ወደ ኢትዮጵያዊት ባለቤቱ ነው። በየቤታችንም እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም። "የኛ ዘር ከንጉሥ እገሌ ነው" የማይል ቤተሰብ ማን ነው? የሰማችሁትን መጻፍ መልካም ነው፤ ነገር ግን "ይባላል" የሚለውንና "ተረጋግጧል" የሚለውን ለያይታችሁ ጻፉ። ያለዚያ የልጅ ልጆቻችሁ ተረቱን ከእውነቱ መለየት ያቅታቸዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የስም ጉዳይ ነው። ካታሪና እና ወለተ ኢየሱስ አንድ ሴት መሆናቸውን የጻፈ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ በያፋ ያለው መዝገብና በኢትዮጵያ ያለው ትዝታ ተገናኝተው አያውቁም ነበር። ይህ ችግር ዛሬ ብሶ በእያንዳንዳችን ቤት ገብቷል።

ስማችን ባሕር ሲሻገር

በአገራችን ልማድ የቤተሰብ ስም የለም። ልጅ በስሙ ይጠራል፤ የአባቱ ስም ይከተላል፤ ከዚያ የአያቱ። ሴትም ብታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም። ይህ በአገራችን ውስጥ የሚያሳፍርም የሚያስቸግርም አይደለም። በውጭ አገር ጽሕፈት ቤቶች ግን "የቤተሰብ ስም" የሚል ባዶ ቦታ አለና አንድ ነገር መሞላቱ አይቀርም። እንግዲህ ዓለሙ ከበደ ወልዴ የሚባል ሰው ቢሄድ የቤተሰብ ስሙ "ወልዴ" ይሆናል። እኅቱ በሌላ ጊዜ በሁለት ስም ብቻ በተጻፈ ወረቀት ብትሄድ የእርሷ "ከበደ" ይሆናል። ከአንድ ማኅፀን የወጡ ልጆች በወረቀት ላይ የሁለት ቤተሰብ ሰዎች ሆኑ ማለት ነው። የዓለሙ ልጆች ደግሞ በቅድመ አያታቸው በወልዴ ስም እየተጠሩ ያድጋሉ፤ የአያታቸውን የከበደን ስም ላያውቁት ይችላሉ። እናታቸውም በሌላ ስም ስለምትጠራ በትምህርት ቤቱ በር ላይ "የልጆቹ እናት እርስዎ ነዎት?" ተብላ ትጠየቃለች።

ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያንም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1985 በሱዳን በኩል፣ እንዲሁም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓዙ ጊዜ፣ ብዙዎቹ እዚያ ሲመዘገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፤ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። አንዲት ሴት እናቷ ያወጣችላት ስም፣ በመዝገብ የተጻፈላት ስምና ሠፈሩ የሚጠራት ስም ሦስት ሊሆን ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። የእኛ ዘመን ከፈረንጆቹ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ድረስ በሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን ድረስ በስምንት ዓመት ይለያል። ይህን ሳያስተውሉ አስልተው የሞሉት ቅጽ ሰውን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል ወይም ያስጎረምሰዋል። የተወለደበት ቀን ያልታወቀ ስደተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥር ወር መጀመሪያ፣ በፈረንጆች ዘመን መለወጫ ቀን ተወለደ ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ወረቀት ላይ ያ ቀን ተጽፎ ስታዩ ቶሎ አትመኑ፤ እናትየውን ጠይቁ።

የአንዲት እናት ደብተር

ስማቸው እንዲጻፍ ያልፈለጉ አንዲት የጉለሌ ነዋሪ አነጋግረን ነበር። ወይዘሮዋ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። ባለ ጠንካራ ሽፋን ትልቅ ደብተር አላቸው። የያዙት የእናታቸውን ዘር ነው። ደብተሩን የጀመሩት አሜሪካ ይኖር የነበረው ወንድማቸው በሞተ ጊዜ፣ የሟቹ ልጅ ስልክ ደውሎ "እቴቴ፣ የአባቴ እናት ስሟ ማን ነበር?" ብሎ በጠየቃቸው ዕለት መሆኑን ነገሩን። "ሃያ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ የአያቱን ስም ሲጠይቀኝ አፈርኩ። በእሱ አይደለም፤ በራሴ ነው ያፈርኩት" አሉን።

በደብተሩ ውስጥ ከአንዲት እናት የተወለዱ አራት ትውልዶች ሰፍረዋል። አንዱ ገጽ ለአንድ ሰው ነው። ታዲያ የእናታቸው ተዝካር በተደገሰ ጊዜ ደብተሩ በቤተ ዘመድ ፊት ተነበበ። የአንዲት የእኅታቸው ልጅ ስም ሲደርስ ግን ታላቅ ወንድማቸው ተቆጡ። ልጅቷ ለቤት ሠራተኝነት ቤይሩት ሄዳ፣ ከአሠሪዋ ቤት ጠፍታ ወጥታ፣ እዚያው ልጅ ወልዳለች። "ይህን ከደብተር አውጪ፤ ነገ ልጆቻችን ያነቡታል" አሉ ወንድምየው። ወይዘሮዋ ግን እንቢ አሉ። "ጋሼ፣ ከደብተር ባወጣት ከእኅቴ ማኅፀን አላወጣትም" ብለው መለሱላቸው። ያን ዕለት ታላቅና ታናሽ ተኮራርፈው ተለያዩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሕፃኑ ወደ አገር ቤት በሚመለሱ ሰዎች እጅ ተላከ። እናትየው አብራ አልመጣችም። ልጁ በእጁ የያዘው ወረቀት በቂ አልነበረም። የወረዳው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤቱም፣ ልጁ መቼ ተወለደ፣ እናቱ ማን ትባላለች፣ የእናቱ አባት ማን ነው እያሉ ሲጠይቁ፣ ወይዘሮዋ ደብተራቸውን ገለጡ። የተወለደበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ሳይቀር፣ እናቱ በዚያን ጊዜ በስልክ እንደነገረቻቸው ተጽፎ ተገኘ። ደብተር የመንግሥት ማስረጃ አይተካም፤ ነገር ግን ምስክር ሆነው የቀረቡት ዘመዶች አንድ ዓይነት ቃል እንዲሰጡ አስችሏል። ከምስክሮቹ አንዱ ማን እንደነበሩ አንባቢያን ትገምታላችሁ፤ ያ የተቆጡት ታላቅ ወንድም ናቸው። ዛሬ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርሱት እርሳቸው ናቸው።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ይህን ሥራ ለመጀመር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው በማንኛውም ቤት ሊሠራ የሚችል ነው።

አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድማችሁ በዕድሜ የገፉትን ሴቶች ጠይቁ። አክስት፣ አያት፣ የክርስትና እናት፣ አዋላጅ የነበሩ ጎረቤት፤ ልደትንና ሞትን በቅርብ ያዩት እነርሱ ናቸው። መዝገቡ ሊጠብቅ ይችላል፤ ሽማግሌ ግን አይጠብቅም። ሲናገሩ አታቋርጡ፤ በእጅ ስልካችሁ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ፈቃዳቸውን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ "በስንት ዓመተ ምሕረት ተወለዱ?" ብላችሁ አትጀምሩ፤ ብዙዎቹ አያውቁትም። ይልቁንስ በታወቁ ዘመናት ጠይቁ። የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም.፣ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በ1928፣ የወጣው በ1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን የወረዱት በመስከረም 1967፣ ታላቁ ድርቅ በ1977፣ ደርግ የወደቀው በግንቦት 1983 ነው። "ጣሊያን ሲወጣ እኔ ዳዴ እል ነበር" ካሉ ዓመቱ ተገኘ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስሞቹን ሁሉ ጻፉ፤ የመጠሪያ ስም፣ የክርስትና ወይም የእስልምና ስም፣ የቤት ስም፣ በፓስፖርት ላይ ያለው ስምና በፈረንጅ ፊደል የተጻፈበትን አኳኋን። ፀሐይ የሚለው ስም በአንዱ ፓስፖርት በ"ቲ"፣ በሌላው በ"ኤስ" ይጀምራል። ከወንዱ ስም አጠገብ የሚስቱን፣ የእርሷንም አባትና እናት ጻፉ። "ባለቤቱ" ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

አራተኛ፣ ፎቶግራፍ ካላችሁ በስተጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማን ማን እንደሆነ ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከሁለት ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም።

አምስተኛ፣ የሰማችሁትን ከማን እንደሰማችሁና በየትኛው ቀን እንደሰማችሁ አመልክቱ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ነገር ከነገሯችሁ አንዱን ሰርዛችሁ ሌላውን አትጻፉ፤ ሁለቱንም ጻፉ።

ስድስተኛ፣ ቤተሰቡ በሚገኝበት በየአገሩ አንድ ተጠሪ ይኑር። ተጠሪው ወይም ተጠሪዋ በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በዕንቁጣጣሽ፣ በዚያ ዓመት የተወለደውን፣ ያገባውን፣ የሞተውን፣ አድራሻ የለወጠውን ለደብተሩ ባለቤት ታስታውቅ። የተለየ ቀን ካልተቆረጠለት "ኋላ እጽፈዋለሁ" የተባለ ነገር ሁሉ ይቀራል። ደብተሩም በአንድ ቤት ብቻ አይቀመጥ። ጎርፍ አለ፣ እሳት አለ፣ ከቤት ወደ ቤት መዛወር አለ። ገጾቹን ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ።

የሚጻፍና የማይነበብ

የቤተሰብ ታሪክ የሚያኮራ ብቻ አይደለም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ፣ የተለያዩ ባልና ሚስት፣ በችግር ምክንያት ለሌላ የተሰጠ ሕፃን በየቤቱ አለ። ኢትዮጵያ ልጆችን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠትን በ2010 ዓ.ም. በሕግ እስካቆመችበት ጊዜ ድረስ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሄደዋል። ዛሬ ብዙዎቹ አድገዋል፤ ከእነርሱም የወለደቻቸውን እናት የሚፈልጉ አሉ። አንዲት እናት ልጇን የሰጠችበትን ቀን፣ ልጁ የነበረበትን ዕድሜ፣ በሰውነቱ ላይ የነበረውን ምልክት ጽፋ ብታስቀምጥ፣ ያ ወረቀት አንድ ቀን እናትና ልጅን ሊያገናኝ ይችላል።

ይሁንና የተጻፈ ሁሉ በአደባባይ ይነበብ ማለታችን አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው ምሥጢር የራሱ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በተለየ ወረቀት ጽፋችሁ፣ አሽጋችሁ፣ ለማን እንደሚሰጥ አመልክታችሁ አስቀምጡ። በበሽታና በብድር የሚጠረጠር ሰው እንዳይኖርም ደብተሩን ለወሬኛ ጎረቤት አታሳዩ። ማሸግና ማጥፋት ግን አንድ አይደሉም። የታሸገ ይከፈታል፤ የጠፋ አይገኝም።

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ በየቤታችን ጋብቻውን፣ ክርስትናውን፣ ሐዘኑንና ደስታውን የምናስተናግደው እኛ ነን። ማን ከማን እንደሚወለድ፣ ማን ለማን ጡት እንዳጠባ፣ ማን በየትኛው ወር እንደሞተ የምናውቀውም እኛው ነን። የጎደለን መጻፉ ነው። የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ዘሮች ወደ መነሻቸው ተመልሰው ለማየት የቻሉት አንዲት ምራት ብዕር ስላነሣች፣ ሌሎችም በእርሷ ላይ ስለጨመሩ ነው። እናንተም በሚቀጥለው እሑድ፣ ቡናው ተፈልቶ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ፣ ከሁሉ በዕድሜ ለሚበልጡት ሴት አንድ ጥያቄ አቅርቡ፤ "እማማ፣ የእናትዎ እናት ስማቸው ማን ነበር?" በሏቸው። የሚነግሯችሁን ስም በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።